የልዑል ዓለማየሁን ፎቶ ያነሳችው ሴት፣ ከነመስታወቷና ከነኬሚካሏ

ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ሲነሳ ብዙዎቻችን ዓይን ላይ ድቅን የሚል ምስል አለ። የሀገሩን ልብስ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ጌጥ አድርጎ፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ የቀረ የሰባት ዓመት ልጅ። ምስሉ በየመጽሐፉ፣ በየፌስቡኩና በየቴሌግራም ቻናሉ ይዞራል። ከሥሩ ግን ያነሳው ሰው ስም አይጻፍም። ልጁ እንግሊዝ በገባበት በ1868 ዓለማየሁን ያነሱ ሌሎች ፎቶ አንሺዎችም ነበሩ፤ ከሁሉም ጎልተው የወጡትን ምስሎች ያነሳችው ግን በ48 ዓመቷ ካሜራ የጨበጠች ሴት ናት። ስሟ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ይባላል።

ስለ ጁሊያ ሲወራ ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ፎቶዎቿ ፎከሳቸው ለምን ደበዘዘ? አንዱ ወገን ሙያው ስለጎደላት ነው ይላል፤ ሌላው ሆን ብላ ለጥበብ ስትል ያደረገችው ነው ይላል። ሁለቱም ካሜራዋን፣ ሌንሷንና ኬሚካሏን ሳያዩ የሚናገሩ ይመስለኛል። መሣሪያው ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደሚከለክል ሲታወቅ ክርክሩ ግማሽ በግማሽ ይቀልላል። ስለዚህ እዚህ ላይ የሕይወት ታሪኳን በአጭሩ አልፈን እጇ ሲሠራ እንይ። (ዓመታቱ፣ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደችው ጁን 11 ቀን 1815 ካልካታ ነው። አባቷ ጄምስ ፓትል የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም ነበር፤ እናቷ ከፈረንሳይ ባላባት ቤተሰብ ናት፣ እሷም የተማረችው ፈረንሳይ ነው። በ1836 ታምማ አየር ለመለወጥ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ፣ ሄደች። እዚያ ሕይወቷን የቀየሩ ሁለት ሰዎች አገኘች። አንዱ በሃያ ዓመት የሚበልጣት የሕግ ሰው ቻርልስ ሄይ ካሜሮን ነው፤ በ1838 ካልካታ ላይ ተጋቡ። ሁለተኛው የከዋክብት ተመራማሪውና ኬሚስቱ ሰር ጆን ኸርሼል ነው። ዛሬ ፎቶ አጣቢዎች «ሃይፖ» የሚሉት ጨው የብር ውሁዶችን እንደሚያሟሟ ያወቀው እሱ ነው፤ «ኔጌቲቭ» (ብርሃንና ጥላው የተገለበጠ ምስል) እና «ፖዚቲቭ» (ከሱ የሚታተመው ትክክለኛው ምስል) የሚሉትን ቃላት ለፎቶግራፍ ያዋለውም እሱ። በ1842 ካልካታ ድረስ የመጀመሪያዎቹን የወረቀት ፎቶዎች ናሙና ላከላት። ይህ መታወቅ አለበት፤ ጁሊያ በስተርጅና ድንገት የነቃች የቤት እመቤት ተደርጋ ስለምትቀርብ ነው። ካሜራ ከመንካቷ ሃያ ዓመት በፊት ነገሩን ከምንጩ ሰምታለች።

ቤተሰቡ በ1848 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ በ1860 ዋይት ደሴት ላይ ፍሬሽዋተር በምትባል መንደር፣ ከባለቅኔው ቴኒሰን ቤት አጠገብ ቤት ገዙ። ቤቱን «ዲምቦላ» አሉት፤ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ካለው የቡና እርሻቸው ስም ወስደው ነው። ቡናው መጨረሻ ላይ ይመለሳል።

በዲሴምበር 1863 ባሏ ለእርሻው ጉዳይ ሲሎን ሄዶ ሳለ ሴት ልጇና አማቿ፣ ብቸኝነቱን ትረሺበት እንደሆነ ብለው ካሜራ ሰጧት። ዛሬ ካሜራ መስጠት ማለት ዕቃውን ሰጥቶ ቁልፉን ማሳየት ነው። ያኔ ግን ካሜራው ከሥራው ትንሹ ነበር። ከኋላው ሙሉ የኬሚስትሪ ቤት ያስፈልጋል። ጁሊያ የከሰል ማስቀመጫዋን ጨለማ ክፍል፣ መስታወት የለበሰውን የዶሮ ቤቷን ስቱዲዮ አደረገች። ዶሮዎቹ ተለቀቁ እንጂ አልታረዱም ብላ ተስፋ እንደምታደርግ በ1874 ጀምራ ሳትጨርስ በተወችው ማስታወሻ ላይ ጽፋለች።

የመጀመሪያው ካሜራ ከእንጨት የተሠራ፣ አንዱ ሣጥን ሌላው ውስጥ እየተንሸራተተ የሚፎክስ ነው። ሌንሱ ዣማን የሚባል የፈረንሳይ ሥራ፣ የፎከስ ርቀቱ 12 ኢንች (30 ሳንቲ ሜትር ገደማ)፣ የሚቀበለውም 11 በ9 ኢንች መስታወት ነው። መስታወቱ ለምን ያን ያህል ተለቀ ለሚል፣ በዘመኑ ፎቶ አጉልቶ ማተም የተለመደ አልነበረም። ወረቀቱ ኔጌቲቩ ላይ ተለጥፎ ፀሐይ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ኔጌቲቩ ምን ያህል ነው፣ ፎቶውም ያን ያህል ነው። ትልቅ ፊት የፈለገ ትልቅ መስታወት መሸከም ግዴታው ነው።

አሁን ሥራው። «እርጥብ ኮሎዲዮን» የሚባለው ዘዴ ስሙ እንደሚለው ነው፦ መስታወቱ ሳይደርቅ መነሳትም መታጠብም አለበት።

በመጀመሪያ የመስታወቱ ጠርዝ ይሞረዳል። ይህን የዘለለ እጁን ይቆርጣል፤ ኮሎዲዮኑም ውኃ ሲነካው ከጠርዝ ጀምሮ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ከዚያ በጠመኔ ዱቄትና በአልኮል ይታሽና በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። ፈተናው ትንፋሽ ነው። መስታወቱ ላይ «ሃ» ሲሉበት ጉሙ እኩል አርፎ እኩል ከጠፋ ጸድቷል። የጣት ቅባት ከቀረ አሁን ጉሙ ላይ ይታያል፤ ዝም ከተባለ በኋላ የሰውየው ግንባር ላይ ይታያል።

ኮሎዲዮን ማለት በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ የታከመ ጥጥ በኤተርና በአልኮል ሟሙቶ፣ አዮዳይድና ብሮማይድ ጨው ገብቶበት፣ ቀጠን ያለ ሽሮፕ ሲመስል ነው። መስታወቱ በአንድ እጅ ጣቶች ከሥር ተይዞ ኮሎዲዮኑ መሐሉ ላይ ይፈስሳል፤ ለ11 በ9 ኢንች ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ይበቃል። መስታወቱን ቀስ እያዘነበሉ ፈሳሹን ወደ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ማዕዘን ይወስዱታል፤ በአራተኛው ትርፉ ጠርሙስ ውስጥ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰከንድ ነው። እጅ ከዘገየ ኤተሩ ይተንና ኮሎዲዮኑ ተደራርቦ ሞገድ የመሰለ መስመር ይተዋል። በመጨረሻ ሲንጠፈጠፍ መስታወቱን እያወዛወዙ ካልሆነ ጎን ለጎን ሽንትር ይሠራል። የጁሊያን ፎቶዎች ጠጋ ብሎ ያየ ሰው እነዚህን መስመሮች በብዛት ያገኛል።

ኮሎዲዮኑ ጣት ሲነካው የጣት አሻራ የሚይዝ፣ ግን የማይዝለገለግ ሲሆን መስታወቱ የብር ናይትሬት ገንዳ ውስጥ ይገባል። ውሕዱ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ከ7 እስከ 9 ግራም ብር ናይትሬት ነው። መስታወቱ መግባት ያለበት በአንድ ትንፋሽ ነው፤ መንገድ ላይ ከቆመ የቆመበት ቦታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይቀራል። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይቆይና ይወጣል። ቅባት የነካው ውኃ እንደሚሠራው ዓይነት ዥንጉርጉር ካለ ገና ነው፤ ይመለስ። ውኃው እኩል ከወረደና መስታወቱ ወተት የመሰለ ነጭ ከያዘ ደርሷል። ገንዳው ራሱ ይቆሽሻል፤ ኤተር፣ አልኮልና አቧራ ሲጠራቀምበት ፎቶው ላይ ግራጫ ጭጋግ ይጥላል። ጀማሪ ካሜራውን ሲጠረጥር ይውላል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገንዳው ላይ ነው። ብር ናይትሬት ቆዳ ሲነካ መጀመሪያ ምንም አይመስልም፤ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ቆዳው ተቀርፎ እስኪታደስ አይለቅም። ጠረጴዛ ልብስም ቀሚስም አይምርም።

የረጠበው መስታወት ብርሃን በማያስገባ መያዣ ሆኖ ወደ ካሜራው ይሄዳል። ከገንዳው ከወጣ ጀምሮ ያለው ዕድሜ፣ በእንግሊዝ ቀዝቃዛ አየር፣ አሥር ደቂቃ አካባቢ ነው። ሰውየው አስቀድሞ ተቀምጦ፣ ፎከሱ ተስተካክሎ መጠበቅ አለበት። መስታወት ከገባ በኋላ «ትንሽ ወደ ግራ ዞር በሉ» ማለት አይቻልም።

ከተነሳ በኋላ ወደ ጨለማ ክፍል ተመልሶ አውጪው፣ ማለትም የተሰወረውን ምስል የሚያወጣው ፈሳሽ፣ ይፈስስበታል። አውጪው የብረት ሰልፌት፣ አሴቲክ አሲድና ጥቂት አልኮል ነው፤ አልኮሉ የገባው ፈሳሹ መስታወቱ ላይ ሳይንከባለል እንዲዘረጋ ነው። እጅን ከአንድ ጠርዝ ወደ ሌላው አንድ ጊዜ ጠረግ ማድረግ ነው። ፈሳሹ መሐል ላይ ካመነታ የወንዝ ካርታ የመሰለ ምልክት ይቀራል፤ ከጠርዝ ወደ ውጪ ከተደፋ ብሩ አብሮ ይሄድና ያ ቦታ ይሳሳል። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ምስሉ ይወጣል። በብዙ ውኃ ማስቆም። ሳስቶ ከወጣ በፒሮጋሊክ አሲድና በጥቂት ብር ማጥቆር ይቻላል።

ቀጥሎ ማጥሪያው፣ ማለትም ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው አሟሙቶ ምስሉን የሚያጸናው። ሃይፖ አለ፤ ቀርፋፋና ብዙ እጥበት የሚፈልግ ነው። ፖታሲየም ሳይናይድ አለ፤ በሰከንዶች ያጠራል፣ ይገድላልም። ጁሊያ የተጠቀመችው በሳይናይድ ነው፤ ከእጇም ላይ የብር ጥቁረት ያስለቅቅላታል። ኸርሼል ነገሩን ሲሰማ ደንግጦ፣ ያን መርዝ እንዲያ በእጅሽ ላይ አታፍስሺው፣ ተጠንቀቂ ብሎ በደብዳቤ ለመናት። ኬሚስት ስለሆነ የሚያውቀው ነገር አለ። አውጪው አሲድ ነው፤ ሳይታጠብ ሳይናይድ ከነካው መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። በተዘጋ የከሰል ቤት ውስጥ!

መጨረሻ ላይ መስታወቱ ታጥቦና ደርቆ፣ መብራት ላይ ሞቅ ተደርጎ ቫርኒሽ ይቀባል። ቫርኒሹ ሳንዳራክ የሚባል የዛፍ ሙጫ በአልኮል ሟሙቶ፣ እንዳይሰነጠቅ የላቬንደር ዘይት የተጨመረበት ነው። አልኮልና ነበልባል አንድ ላይ ናቸውና በዚህ ደረጃ እሳት ያነሳ ብዙ ነው።

አሁን ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋችሁ ጃንዋሪ 29 ቀን 1864ን አስቡ። ጁሊያ ካሜራውን ካገኘች አንድ ወር ሆኗታል። ከዚያ በፊት የመጀመሪያ ሙከራዋን ገና እርጥብ ሳለ በእጇ ጠርጋ አጥፍታዋለች። በዚያ ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ አኒ ፊልፖት የምትባል ትንሽ ልጅ አነሳች። ለልጅቷ አባት በጻፈችው መሠረት ፎቶው በራሷ እጅ ታትሞ፣ ቃናው ተስተካክሎ፣ ጠርቶና ፍሬም ገብቶ የተሰጠው በዚያው ዕለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በጃንዋሪ ደሴቲቱ ላይ ፀሐይ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ወረቀት ደግሞ ያለ ፀሐይ አይወጣም። ስለዚህ ኔጌቲቩን አጥባ፣ አድርቃ፣ ወረቀት ላይ ማውጣቱን የጨረሰችው ከአራት ሰዓት ባነሰ የክረምት ብርሃን ነው። አንድ ወር ለሠራ ሰው ይህ ፍጥነት ጀማሪ ነበረች የሚለውን ወሬ በጥርጣሬ እንዳይ ያደርገኛል። «የመጀመሪያ ስኬቴ» ብላ ጽፋበታለች፤ ይገባታል።

ወረቀቱም የራሱ ጣጣ አለው። የእንቁላል ነጭ ከጨው ጋር ተመትቶ ወረቀቱ ላይ ይቀባል፤ አስኳሉ ለዳቦ ጋጋሪና ለቆዳ ፋቂ ይሸጥ ነበር። ከዚያ ወረቀቱ በብር ናይትሬት ላይ ተንሳፎ ይደርቃል፣ ከኔጌቲቩ ጋር ተጣብቆ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ከሚፈለገው በላይ እስኪጠቁር ይጠበቃል፤ ማጥሪያው በኋላ ያነጣዋልና። የወርቅ ክሎራይድ መንከሪያ ደሙን የመሰለውን ቀይ ቡናማ ወደ ቀዝቃዛ ወይን ጠጅ ቡናማ ይወስደዋል። ቀጥሎ ሃይፖ፣ ቀጥሎ ረጅም እጥበት። እጥበቱን ያሳጠረ ሰው ፎቶው በዓመታት ውስጥ ሲቢጫ ያየዋል።

ወደ ፎከሱ እንመለስ። በ1866 ጁሊያ ሁለተኛ ካሜራ ገዛች፦ 15 በ12 ኢንች መስታወት የሚቀበል፣ ሌንሱ ዳልሜየር ራፒድ ሬክቲሊኒየር፣ የፎከስ ርቀቱ 30 ኢንች (76 ሳንቲ ሜትር)፣ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳው ኤፍ 8 (ቁጥሩ ሲበዛ የሚገባው ብርሃን ያንሳል)። ቁጥሮቹን ሥራ ላይ እናውላቸው። ሰውየው ከሌንሱ ሁለት ሜትር ላይ ቢቀመጥ ምስሉ መስታወቱ ላይ የእውነተኛ መጠኑን ስድስት አሥረኛ ያህል ይሆናል፤ 23 ሳንቲ ሜትር የሆነ ራስ 14 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ያርፋል። ይህ እንዲሆን ሌንሱና መስታወቱ መካከል ከ1 ሜትር ከ20 በላይ ርቀት መኖር አለበት። ሌንሱ እንዲያ ሲርቅ ብርሃኑ ይሳሳል፤ ኤፍ 8 የተባለው በተግባር ወደ ኤፍ 13 ይወርዳል፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ደግሞ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። የዓይን ሽፋሽፍቱ ከጠራ ጆሮው አይጠራም። የአፍንጫ ጫፍ እንኳ ሌላ ዓለም ነው።

ቀዳዳውን ብታጠብ ጥልቀቱ ይጨምራል። ግን ቀዳዳውን በግማሽ ማጥበብ ጊዜውን በአራት ያበዛል። እንደዚያም ሳይሆን ሰዎቿ ከሦስት እስከ ሰባት ደቂቃ ያህል ይቀመጡላት ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው ይተነፍሳል፤ ደረት በእያንዳንዱ ትንፋሽ በሚሊ ሜትሮች ይንቀሳቀሳል፣ ራስ ይወዛወዛል። ዓይን መርገብገቡ አይጎዳም፤ ከአጠቃላዩ ጊዜ ትንሽ ስለሆነ መስታወቱ አይመዘግበውም። ሌሎች ስቱዲዮዎች ችግሩን በሁለት መንገድ ይፈቱት ነበር፦ ሰውየውን በጣም አርቀው ትንሽ ካርድ ላይ ያነሱታል፣ ወይም ማጅራቱን በብረት መቆንጠጫ ይይዙታል። ትንሽ ምስል፣ አጭር ጊዜ፣ ብዙ ጥልቀት። ጁሊያ ግን ትልቅ ፊት ፈለገች፤ ትልቅ ፊት ከፈለጉ ደግሞ ብዥታው አብሮ ይመጣል። ምርጫዋ ብዥታው አልነበረም፤ ምርጫዋ መጠኑ ነበር።

ይህም ሆኖ አንድ ነገር የራሷ ፈቃድ ነው። ሌሎች ፎቶ አንሺዎች ሌንሱን እስኪጠራ ድረስ እንደሚያዞሩት፣ እሷ ግን ለዓይኗ ያማረበት ቦታ ላይ እንደምታቆም ጽፋለች። መሣሪያው ብዥታን አስገደዳት፤ የቱ ጋ እንደምትተወው ግን እሷ መረጠች። በኤፕሪል 1867 ኸርሼልን ኬንት ውስጥ ቤቱ ድረስ ሄዳ ስታነሳ ያደረገችውን ተመልከቱ። ሽበቱን አስታጠበችው፤ ብን ብሎ እንዲነሳና ብርሃኑን እንዲይዝ ነው። ከላይና ከአንድ ጎን ብቻ ብርሃን አስገብታ ሌላውን ዘጋች። ዓይኑ ጠርቶ ጸጉሩ የነበልባል ያህል ተበትኖ ይታያል። ቅባት የለመደ ጸጉር ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ አንድ ጥቁር ድፍን ይሆን ነበር።

የዘመኑ የፎቶግራፍ መጽሔቶች ግን አልማሯትም፤ ሽንትሩን፣ ነጠብጣቡን፣ አሻራውን እየቆጠሩ ዘለፏት። ለሙያው ጠንቃቃ የሆነ ሰው ትችታቸውን ሙሉ በሙሉ ውሸት አይለውም። ሽንትሩ ሽንትር ነው፤ ያልታጠበ ጠርዝ ጥበብ አይደለም። በርሊን ላይ ግን በ1865 ነሐስ፣ በ1866 ወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። ሄንሪ ኮል የሚመራው የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም (የዛሬው ቪክቶሪያና አልበርት) በ1865 ሰማንያ ፎቶ ገዛት፤ በ1868 ለስቱዲዮ የሚሆኑ ሁለት ክፍሎች ሰጣት። ሥራዎቿ ኮልናጊ በሚባለው የለንደን የሥዕል መደብር ይሸጡ ነበር። የገንዘብ ነገር በዋዛ የሚታይ አልነበረም፤ የሲሎኑ ቡና እየከሰረ ነበርና። በ1862 የወጣው የቅጂ መብት ሕግ ሲፈቅድ ከ500 በላይ ፎቶዎች በስሟ አስመዘገበች፤ ፎቶዎቹ በተለጠፉባቸው ብዙ ካርቶኖች ላይ «ከሕይወት የተነሳ፣ የተመዘገበ» ብላ በእጇ ትጽፍ ነበር።

አሁን ወደ 1868። መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ እጃቸው ሞቱ። እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ አረፉ። ልጃቸውን ይዞ እንግሊዝ የገባው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነው። ስፒዲ ቀደም ሲል የቴዎድሮስን ወታደር ያሠለጠነ፣ አማርኛ የሚናገር፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሰው ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ባሻ ፈለቀ ይሉት ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን ያየችው ዋይት ደሴት ላይ ኦዝቦርን ቤተ መንግሥቷ ነው። የጁሊያ ቤት እዚያው ደሴት ላይ ነው። ልጁ ወደ ካሜራው የደረሰው እንዲህ ነው።

ካርቶኖቹ ላይ የጻፈችው ርዕስ ለእኛ ጆሮ የተለየ ነው። አንዱን «ደጃች ዓለማየሁ፣ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» አለችው፤ ሌላውን «ደጃች ዓለማየሁና ባሻ ፈለቀ»፣ ከትርጉሙ ጋር። «ደጃች»! ደጃዝማች አይደለም፤ ሰው ሲጠራራ እንደሚያሳጥረው ነው። በላቲን ፊደሎቹም ላይ የድምፅ ምልክቶች አድርጋለች። አማርኛ የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ሆኖ ነግሯት እንደጻፈችው ያስታውቃል፤ ያ ሰው ስፒዲ ካልሆነ ማን ይሆናል?

ምስሉን ስናይ ኮሎዲዮን ቀለምን እንዴት እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚያየው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ብርሃን ብቻ ነው። ቀይ፣ ብርቱካንማና ቢጫ ለእሱ ጨለማ ናቸው፤ ጨለማ ክፍሉ በቢጫ ወይም በቀይ መስታወት የሚበራውም ለዚህ ነው። የሰማያዊ ዓይን ሰው ዓይኑ ነጭ ይሆናል። ጠቃጠቆ ያለበት ፊት የጠቆረ ይመስላል። የስፒዲ ቀይ ጺም ፎቶው ላይ ጥቁር ነው። ቀይና ቢጫ ጥበብ ያለበት የሐበሻ ቀሚስ ብታነሱ ጥለቱ በሙሉ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል፤ አረንጓዴውም ብዙ አይለይም። የጠይም ሰው ፊት ደግሞ ከእውነቱ ይበልጥ ይጨልማል፤ ጠይም ቆዳ የሚመልሰው ብርሃን አብዛኛው ወደ ቀዩ ያደላ ነውና። ፎቶ አንሺው ያለው ምርጫ ጊዜውን ማርዘም ነው። ሲያረዝም ነጭ ጨርቁ ይነጣና ሽመናው ይጠፋል። ስለዚህ ከእነዚህ ፎቶዎች ተነስቶ ስለ ልጁ መልክ ጥቁረት ወይም ስለ ልብሱ ቀለም የሚከራከር ሰው የሚከራከረው ከኬሚካል ጋር ነው።

ዓይኖቹም እንዲሁ። ያ ራቅ ያለ፣ የደከመ አተያይ በከፊል የደቂቃዎች መቀመጥ ውጤት ነው፤ የቴኒሰንም የኸርሼልም ዓይን እንዲያ ነው፣ ለፈገግታ የሚሆን ጊዜ የለም። በከፊል ግን ይህ ልጅ አባትና እናቱን በአንድ ዓመት ያጣ፣ ቋንቋቸውን የማያውቃቸው ሰዎች መሐል ያለ ልጅ ነው። ሁለቱን ለመለያየት የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም። የሚያስከፋው ሌላ ነው። ጦርነቱ የለንደን ጋዜጦችን የሞላበት ጊዜ ነበር፤ ፎቶዎቹም እንደ ሌሎቹ ሥራዎቿ ለሽያጭ የወጡ ናቸው። የልጁ ፊት የንግድ ዕቃ ሆኗል። ዓለማየሁ በኖቬምበር 1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ።

ጁሊያ በዚያው በ1868 እና 1869 አካባቢ ሌላ መከራ ነበረባት። የቫርኒሹ ገጽ መሰነጣጠቅ ጀመረ። ከአርባ በላይ ምርጥ ኔጌቲቮቿ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ አወጡ፤ ስንጥቁም በእያንዳንዱ ኅትመት ላይ ይታያል። በ1869 መስታወቶቹን ለንደን ለፎቶግራፍ ማኅበሩ ወስዳ መንስኤውን ጠየቀች። የተሰጡት ግምቶች የታወቁ ናቸው፦ ማጥሪያው በደንብ አልታጠበም፣ ወይም የባሕሩ እርጥብ አየር ከቫርኒሹ ሥር ገባ። ለእኔ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ተደምሮ ይመስለኛል። ከኮሎዲዮኑ ሥር የቀረ ጨው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቫርኒሹ ግን አይለጠጥም። 15 በ12 ኢንች መስታወት፣ 3 ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ ወደ ዘጠኝ መቶ ግራም ይመዝናል። እሱን በቀዝቃዛ ውኃ እያገላበጡ ሩብ ሰዓት ማጠብ ለማንም አሰልቺ ነው፤ የጁሊያ ትዕግሥት ደግሞ ሰዎቿን ማስቀመጥ ላይ እንጂ ማጠብ ላይ አልነበረም።

በ1874 ቴኒሰን ስለ ንጉሥ አርተር የጻፋቸውን ግጥሞች በፎቶ እንድታስውብለት ጠየቃት። ከብዙ ሙከራ በኋላ የወጡት ምስሎች መጽሐፉ ላይ በእንጨት ቅርጽ ተቀርጸው ትንንሽ ሆነው ታተሙ። መጠን ዋና ነገሯ ለሆነ ሰው ይህ አይዋጥም፤ በራሷ ወጪ ፎቶዎቹ በሙሉ መጠናቸው የተለጠፉበት ቅጽ አወጣች።

በ1875 ባልና ሚስቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሲሎን ሄዱ፤ ከጓዙ መካከል የሬሳ ሣጥኖቻቸውም ነበሩ። የቡና ቅጠል ዝገት በሽታ ሲሎን ላይ የታየው በ1869 ነው፤ ከዚያ በኋላ የደሴቲቱ ቡና አላገገመም። እንግሊዝ ውስጥ በአሥራ አንድ ዓመት ከሺህ በላይ ፎቶ የሠራችው ሴት ከሲሎን የቀሩላት ሠላሳ የማይሞሉ ናቸው። ፍላጎቷ ጠፋ የሚሉ አሉ። እኔ ኤተሩን እጠረጥራለሁ። ኤተር በ35 ዲግሪ ሊደርስ ሲል ይፈላል። በሲሎኗ ካሉታራ ባሕር ዳርቻ ሙቀት ኮሎዲዮን አራተኛው ማዕዘን ሳይደርስ ይረጋል፣ መስታወት በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፣ የብር ገንዳው በቶሎ ይበላሻል። ኬሚካሉ ከለንደን በመርከብ ይመጣል። ንጹሕ ውኃም ሌላ ችግር ነው። ከተነሱት መካከል የእርሻ ሠራተኞችና፣ በ1877 ልትጠይቃት የመጣችው ሠዓሊ ማሪያን ኖርዝ ይገኙበታል።

ጃንዋሪ 26 ቀን 1879 ዲኮያ በሚባለው ደጋ ውስጥ በ63 ዓመቷ አረፈች፤ ቦጋዋንታላዋ ባለው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረች። ቻርልስ በዓመቱ ተከተላት፤ መቃብራቸው አንድ ላይ ነው።